የጀርመንኛው ወረቀት ወንድም

ባለቤቴ የእንሰት መፋቂያ መኪናውን የሠራው ለእኔ ጉልበት አዝኖ ነው። ሰው ሲጠይቀው ግን እንዲህ አይልም። "ባሌስትራ ተርፎኝ ነው" ይላል። ሆሳዕና ውስጥ ከመኪና መንገዱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ይበይድ ነበር፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ በተሰበረ ቁጥር ስብርባሪው እሱ ዘንድ ይቀራል።

እንሰት ሲፋቅ ላላየ ሰው ልንገር። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የእንሰቱን ግንድ ሽፋን አንድ በአንድ ገንጥላ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ታስደግፋለች፤ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጇ ላይ ይቀራል። የሚበላው ሥጋው ነው፤ ተቀብሮ ሲቦካ ቆጮ ይሆናል፣ ጭማቂው ሲጠል ቡላ ይወጣዋል። ቃጫው ለገመድ ይሆናል። እኔ ከሆመቾ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የተወለድኩት። ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን እዚያ ሳንቃ ሥር አሳለፍኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሽፋኑን የምይዝበት እግሬ ከዳሌዬ እየተቆለፈ አስቸገረኝ። ለመነሣት ሰው ይደግፈኝ ነበር።

ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቀጥቃጭ ዘር ነው። እኛ አካባቢ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ከቀጥቃጭ የሚገዛ ሁሉ ቤቱ ገብቶ አይበላም ነበር። የባለቤቴ አባት ገበያ ውስጥ ለብቻቸው ከጥግ ነበር የሚቀመጡት። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አምነን ስለነበር ተጋባን፤ የእኔ ወገኖች ግን ሠርጌ ላይ አልተገኙም። አብዮቱ ሲመጣ ሰውን በሙያው መስደብ ተከለከለ። አፍ ተዘጋ። ዓይን ግን ሕጉን አልሰማም።

መኪናው እንዲህ ያለ ነበር። የበርሜል ላሜራ ጠቅልሎ ከበሮ አደረገው፤ በከበሮው ላይ ከባሌስትራ የተቆረጡ ድፍን ጥርሶች በየደ። ከፊቱ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር አቆመ። ከማበጠሪያው በታች የቀርከሃ ከንፈር አለው፤ ከከንፈሩ ሥር ደግሞ ሥጋው የሚጠራቀምበት ገበታ። በአንድ እጅ መዘውሩን ታዞሪያለሽ፣ በሌላው የእንሰቱን ሽፋን ታጎርሺዋለሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክሪው ሲለኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ትንሽ እንደ ሠራሁ ወደ ታች ተመለከትኩ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ነበሩ።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ።

"ምንም። እግሬን እያየሁ ነው።"

የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር አባላት ሰምተው መጡ። መጀመሪያ አጥር ላይ ቆመው አዩ፤ ቀጥሎ ግቢ ገቡ፤ ቀጥሎ ተራ ይዘው አዞሩ። ባለቤቴ ያለበት የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ደግሞ ብዙ ሠርተን እናከፋፍለው ብሎ ለአውራጃው አመለከተ። ከአውራጃው የተላከው ባለሙያ ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር። ከበሮውን አዞረ፣ ለካ፣ ሥዕሉን ነድፎ ወሰደ። "በጣም ጥሩ ነው ጋሼ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሀገር መኖር አለመኖሩ አዲስ አበባ ይጣራል። ደንብ ነው" አለ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ተመልሶ ሲመጣ እጁ ላይ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን የብየዳው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሥዕሉ የእኛ መኪና ነው። ከበሮው አለ፣ ጥርሱ አለ፣ ማበጠሪያውም አለ።

"ጋሼ፣ ይህንን የት ነው ያዩት?"

"አሁን፣ ከአንተ እጅ።"

"ቀኑ ግን ከእርስዎ በፊት ነው።"

"ጽሑፉ ምን ይላል?"

"ጀርመንኛ ነው። እኔም አላነብም፣ ወረቀቱን የላኩልንም አላነበቡትም።"

"አንተ አዲስ አበባ ተምረህ ማንበብ ያቃተህን እኔ እዚህ ብየዳ ቤት አንብቤ ሰረቅኩት?"

ባለሙያው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። "እኔ ሰረቁ አላልኩም ጋሼ። ግን እስኪጣራ ሥራው ይቁም ተብሏል" አለ። የመጣው ሊጎዳን እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሥራው ግን ቆመ።

ከተማው ግን ሳቁን አልዋጠም። "ቀጥቃጭ ከመቼ ወዲህ ነው የሚፈለስፈው?" አሉ። "ሚሲዮኖቹ ሲሄዱ ጥለውት የሄዱትን መጽሐፍ አግኝቶ ነው" አሉ። በዚያ ዘመን የሚሲዮን ስም ከቤት ጋር ተያይዞ ሲነሳ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ በየቤቱ በዝግታ ነበር የምንጸልየው። እኔ የፈራሁት ይህን ነው። እሱን የቆረጠው ግን ሌላ ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ መኪናው የእሱ ነው ወይስ የሌላ ሰው? አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሁሉ በገበሬው ስም ሲጠራ፣ "የእገሌ ማረሻ" ሲባል እንጂ ሠሪው ሲነሳ ሰምቶ አያውቅም። መኪናውን ሸራ አለበሰውና እንደ ድሮው በር መበየድ ጀመረ። ምሳ ስወስድለት ሳህኑ ሳይነካ ይመለስ ነበር።

ትልቋ ልጃችን አዲስ አበባ ትሠራ ነበር። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የውጭ ሀገር ፈልሳፊዎች ያስመዘገቧቸውን ወረቀቶች የሚያሰባስብ ነው። እኔ ሥራዋን ለሰው ስነግር "ጽሕፈት ቤት ነች" ብዬ አልፈው ነበር፤ በትክክል ስላልገባኝ። ወረቀቱ ወደ እኛ የተላከው ከዚያው መሥሪያ ቤት፣ ከሌላ ሰው ጠረጴዛ ኖሯል። ስትሰማ አለቃዋ ዘንድ ገባች። "የመኪናው ሠሪ አባቴ ነው፤ ማጣራቱን ግን እኔ ልሥራው፣ እንሰት አውቃለሁ" አለችው። አለቃዋ አሰበበትና "የአንቺ አባት መሆኑን ከላይ ጽፈሽ፣ ሌላ ሰው መርምሮ የሚፈርምበት ከሆነ ሥሪ" አላት።

ለመስቀል መጣች። ልጅ ለመስቀል ሲመጣ እናት ደስ ይላታል፤ እኔ ግን ቦርሳዋን ስትፈታ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሳየው ክው አልኩ። በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ፣ መዓት ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዛ ያን ሁሉ ኬላ ማለፏን አሰብኩ።

"ማንም አልፈተሸሽም?"

"ተፈተሽኩ እንጂ። ፈታሹ ጥርስ ያለውን ከበሮ አይቶ 'ይህ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?' አለኝ። የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ አሳየሁት። እንሰት መፋቂያ ነው አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ እንሰት ያውቃል። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። 'ይህ ቀድሞ ቢመጣ እናቴ ዛሬ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር' አለና ራሱ አጣጥፎ መለሰልኝ።"

አባቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ።

በማግስቱ ቀን ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ ዘረጋቻቸው። እኔ ልጅ ከመዳሬ በፊት ዘር የማስቆጥር ሴት ነኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች የሴቷንም የወንዱንም ዘር በአባት በኩል ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። ሌላው ሰው አንዴ አስቆጥሮ ይተዋል፤ እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ሲነሡ "እስቲ እንደገና" የምል ሴት ነኝ። ልጄ ይህን ስለምታውቅ ወደ እኔ ዞራ ጀመረች።

"እማዬ፣ ወረቀትም ቤተሰብ አለው።"

"አታሹፊ።"

"አላሾፍኩም። አንድ ሰው አንድ ነገር ፈለሰፈ እንበል። መጀመሪያ አገሩ ላይ ያስመዘግበዋል። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ነገር እንግሊዝ አገር፣ ፈረንሳይ፣ ብራዚል ያስመዘግባል። በየአገሩ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በየአገሩ ቋንቋ ይጻፋል፣ አንዳንዴ ርዕሱም ይለወጣል። ላላወቀ ሰው አራት ነገር ይመስላል። ግን አንድ ነገር ነው። እነዚህን አንድ ቤተሰብ እንላቸዋለን።"

"ፈረንጆቹም ቤተሰብ ነው የሚሉት?"

"እነሱም ቤተሰብ ነው የሚሉት።"

ይህ ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ። ሰው የትም ሰው ነው ብዬ ይሆናል።

"ስለዚህ" አለች፣ "ይህ ጀርመንኛው ብቻውን ላይሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የሚናገር ወንድም ካለው ወንድሙን አገኘን ማለት እሱን አነበብነው ማለት ነው።"

አባቷ ወደ ፊት ተጠጋ። "የት ነው የሚፈለገው?"

"እዚህ ውስጥ አለ ወይ ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ መጥቻለሁ። ነገ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ዛሬ አክስቴን ሳልጠይቃት ብውል ትቀየመኛለች" ብላ ወጣች።

እሱና እኔ ቀረን፤ ወረቀቶቹም ምንጣፉ ላይ ቀሩ። ባለቤቴ ትምህርት ቤት አልገባም፤ የፈረንጅ ፊደል ግን ከኩሽኔታና ከመፍቻ ላይ ለቅሞ ያውቃል። እኔም ከአራተኛ ክፍል የተረፈችኝ ትንሽ ነገር አለች። የጀርመንኛው ወረቀት ላይ የሰውዬውን ስም አገኘነው። ከዚያ ያን ስም ፊደል በፊደል ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ማስተያየት ጀመርን። እሱ ጣቱን እያስቀመጠ፣ እኔ "ይኼ አይደለም፣ እግሩ ወደ ታች ይረዝማል" እያልኩ።

"ይኸው!" አለ ድንገት።

ያው ስም ነው። አስተያየነው፤ አልረካሁም፣ እንደገና አስተያየነው። ወረቀቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉን ገልጠን ብናይ ከበሮ የለበትም፣ ማበጠሪያም የለበትም፤ ውሃ የሚፈስበት ረጅም ገንዳ ብቻ ነው።

"አባታቸው አንድ ነው" አልኩ። "ወንድማማች ናቸው።"

"ወንድሙ ገንዳ ነው እንግዲህ። የእኔን አይመስልም!" አለ። ኮቱን አነሣ። አንድ ቀን እንኳ ቆይ አላልኩትም፤ ደስታው የእኔንም ፍርሃት ይዞት ሄደ። ቀጥ ብሎ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄዶ "ነገሩ ተጣርቷል፣ ላሜራ ማዘዝ ትችላለህ" ብሎት መጣ። ሲመለስ ብየዳ ቤቱ ገብቶ ሸራውን ገፎ ነበር።

ልጄ ስትመጣ ሁለታችን ተሻምተን ነገርናት። ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ይህ ወንድሙ አይደለም።"

"ስሙን አይተሻል? አባታቸው እኮ አንድ ነው!"

"አባት አይቆጠርም።"

"አባት የማይቆጠርበት አገር የት ነው ያለው?"

"እዚህ ወረቀት ላይ" አለችና ከላይ አንዲት ትንሽ ቁጥር በጣቷ ነካች። "የሚቆጠረው ይህ ነው። መጀመሪያ የተመዘገበበት ቁጥርና ቀን። ከአንድ ማህፀን መውጣታቸውን በዚህ ነው የምናውቀው። ሰውዬው አንድ ጊዜ ከበሮ አሰበ፤ ሌላ ጊዜ ገንዳ አሰበ። ሁለቱም የእሱ ናቸው፣ እናታቸው ግን ለየብቻ ነች። ስለ ገንዳው ያነበብነው ስለ ከበሮው አይነግረንም።"

"እኛ ዘንድ ከሁለት ሚስት የወለደ ሰው ልጆቹን እንዲህ ለያይቶ ቢቆጥር ይወቀሳል" አለ ባለቤቴ።

"አውቃለሁ አባዬ። የእኛን ቆጠራ ይዞ ለገባ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሆነው። እኔም መጀመሪያ ሥራ ስገባ በአባት ቆጥሬ የማይገናኙትን አገናኝቼ አለቃዬ ስቆብኛል።"

ባለቤቴ ኮቱን መልሶ አነሣ።

"የት ነው?" አልኩት።

"ሊቀ መንበሩ ዘንድ። ላሜራ ሳያዝ 'አልተጣራም፣ ተሳስቻለሁ' ልበለው።"

"ነገ ብትለውስ? ሰው ይስቅብሃል።"

"ነገማ ላሜራው ይታዘዛል።"

ከደጃፍ ቆሜ አየሁት። ሲሄድ አንገቱን አልደፋም። ሰውን በሳቅ የሚገድል ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ የራሱን ቃል የሚመልስ ሰው አገባሁ ብዬ ያን ቀን ለራሴ ነገርኩት።

በማግስቱ ልጄ ሌላ ወረቀት አወጣች። ዳርና ዳሩ የተበሳሳ፣ እንደ መቀነት የሚዘረጋ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ የሚታጠፍ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚዛመድ መዝግቦ እንደሚይዝ፣ መሥሪያ ቤታቸውም በፖስታ ጠይቆ እንደሚላክለት ነገረችኝ። ኮምፒዩተር አይቼ አላውቅም። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ማለት ነው ብዬ ተረዳሁት፤ አላረመችኝም።

የጀርመንኛውን ቁጥር ይዛ በጣቷ ወደ ታች ወረደች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራሁ አመሳክርላታለሁ። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ያው የመጀመሪያ ቁጥር፣ ያው ቀን፤ አገሩ ብራዚል። ከሥሩ ያው ቁጥር፣ ያው ቀን፤ አገሩ እንግሊዝ።

"ይኸውልሽ እማዬ። ወንድሙ።"

"እስቲ እንደገና" አልኳት። እንደገና አነበበችልኝ። ትክክል ነው።

እንግሊዝኛው ወረቀት ግን አዲስ አበባ አልነበረም። ከውጭ መታዘዝ አለበት። ይዛ የመጣችውን ሰብስባ ተመለሰች፤ እኛም መጠበቅ ጀመርን። ባለቤቴ ሸራውን መልሶ አለበሰው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የምፈራው ሁለት ነገር ነበር። ወንድሙ ሲገኝ በእርግጥ የእኛን መኪና ሆኖ ቢገኝስ? ሌላ ሆኖ ቢገኝስ፣ "ለአባቷ አደላች" ብለው ልጄን ቢይዟትስ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብደኝ ነበር። ገበያ ስውል እንኳ የአዲስ አበባ መኪና ሲያልፍ እጄ ከሥራ ይቆም ነበር።

ገና ሲቃረብ መጣች። ወረቀቱን ቤት ውስጥ አላነበበችውም። "መኪናው አጠገብ ነው የሚነበበው" ብላ ብየዳ ቤቱ ሄድን። ሸራው ተገፈፈ። እሷ እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ትናገራለች፤ አባቷ ሲያስቸግረው በሀዲይኛ ትደግመዋለች። ስለ ከበሮው አነበበች፤ የእኛን ይመስላል። ስለ ጥርሱ አነበበች፤ የእኛን ይመስላል። የባለቤቴ እጅ መዘውሩ ላይ ነበር፣ ይጨብጠውና ይለቀዋል። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"በማበጠሪያው ላይ ውሃ በኃይል ይለቀቃል። ቃጫው ማበጠሪያው ላይ ታጥቦ ይቀራል። ሥጋው ከውሃው ጋር ወደ ቦይ ይጣላል።"

"ምኑ ይጣላል?" አልኳት።

"ሥጋው።"

"የሚበላው?"

"እነሱ አይበሉትም እማዬ። ሌላ ተክል ነው፣ ለገመድ ነው የሚተክሉት። የሚፈልጉት ቃጫውን ነው።"

ባለቤቴ መዘውሩን ለቀቀው። "እህሉን ደፍተው ገለባውን ይከቱታል በይኛ!" አለና ሳቀ፤ ያ ድሮ የማውቀው፣ ከሆዱ የሚወጣው ሳቁ ነበር። ልጄም እየሳቀች ጎንበስ ብላ የቀርከሃውን ከንፈር ነካች። እሱ ወረቀቱ ላይ የለም። ሥጋውን የሚያጠራቅመው ገበታም የለም። የእነሱ ማበጠሪያ ቃጫውን ለማጠብ ነው የቆመው፤ የእኛ ግን ቃጫ ምግቡ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የእነሱ በሞተር በኃይል ይሽከረከራል፤ የእኛ ሥጋው እንዳይጨቀይ በእጅ ቀስ ይላል። በሥዕል ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ሲሠሩ ግን ጀርባ ለጀርባ ዞረው ነው።

ከዚያ ሳቋን ሰብስባ "ከበሮው ግን አባዬ..." አለች።

"ከበሮው የእኔ አይደለም። ዱራሜ በኩል የቡና መፈልፈያ ስጠግን አይቼ ነው። እንዲህ ብሎ ቡናውን ካላቀቀ እንሰቱንም ያላቅቃል ብዬ።"

"ይህን ልጻፈው?"

"ለምን ትጽፊዋለሽ?" አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። "ማን ጠየቀሽ? የጀርመኑን አይመስልም ብለሽ ብቻ ጻፊ!"

አባቷ እኔን ሳይሆን እሷን አየ። "ጻፊው። የቡናውን መፈልፈያ የሠራውም ሰው ነው" አላት።

ጻፈችው። ሌላው ባለሙያ መርምሮ ፈረመበት፤ ወረቀቱም ወደ አውራጃው መጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ማኅበሩ መኪናውን ሠራ፤ ዶዮገና ደጋ ድረስ ወጣ፤ ሺንሺቾ ገበያ ላይ "የሆሳዕናው" እየተባለ ተሸጠ። ሰዎች ይህን ሲያነሡልኝ ደስ ይለኛል። እኔ የማስታውሰው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ የተሰበሰብንበትን ጠዋት ነው።

ሰው ግቢውን ሞልቶት ነበር። የሴቶች ማኅበር አባላት ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ። ባለቤቴ የሥራ ልብሱን አውልቆ ኮት ለብሷል፤ ከእኔ ጎን ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከአውራጃው የመጡት ባለሥልጣን ከጠረጴዛው ጀርባ ናቸው፤ ወጣቱ ባለሙያ ደግሞ በስተቀኛቸው። ልጄ ለማስረዳት ተጠርታ ቆማለች። ስለ ጀርመንኛው ተናገረች፣ ወንድሙ እንዴት እንደተገኘ ተናገረች፣ ሥጋው ወደ ቦይ ይጣላል ስትል ሴቶቹ "እግዚኦ!" አሉ። ከበሮው ከቡና መፈልፈያ እንደተወሰደም አልደበቀችም። ወጣቱ ባለሙያ ራሱን እየነቀነቀ፣ ደስ እያለው ነበር የሚሰማት።

ባለሥልጣኑ ወረቀቱን አንሥተው ገለጡ፣ መነጽራቸውን አወረዱ።

"ጓድ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሠሪው ጋር ዝምድና አለሽ ይባላል።"

የፈራሁት መጣ። ነጠላዬን ጨበጥኩት። በዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቀን አልነበረም። ሁሉም የሚጠብቀው እሷ ምን እንደምትል ነው። የቀጥቃጭ ልጆች ተምረው ከተማ ሲገቡ አባትህ ምንድነው ሲባሉ "ነጋዴ ነው" ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። እኔ እንኳ ለአንዳንድ ሰው "ብረታ ብረት ላይ ነው የሚሠራው" ብዬ አውቃለሁ።

ልጄ ድምጿን ከፍ አደረገች። ለባለሥልጣኑ ብቻ አልነበረም የምትናገረው።

"አዎ፣ አባቴ ነው። ከላይ ተጽፏል። ያመሳከረውና የፈረመው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ስሙ ከሥር አለ። አባቴ ቀጥቃጭ ነው፤ የእሱም አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። መኪናውን የሠራው እሱ ነው።"

ባለሥልጣኑ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው አነበቡ። "ተጽፏል" አሉ። "ትክክል ነው። ማኅበሩ ይሥራው፤ የሠሪውም ስም በብረቱ ላይ ይጻፍ።"

አጨበጨቡ መሰለኝ፤ በደንብ አልሰማሁም። ባለቤቴን ነበር የማየው። ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ተነሥ ሳይለው፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተነሥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ እንዲያየው ቆመ። እኔ በየስብሰባው "ተቀመጥ፣ ሰው ያይሃል" እያልኩ ኮቱን የምጎትት ሴት ነኝ። ያን ቀን ኮቱን አልነካሁም።